አዲሎ የገባው እድፍ ልብስ

የልጅ ልጄ ምህረት ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ «ፊደሌን ማን በላው?» ስትል ደነገጥኩ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነና!

«ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ፊደል በላች ልትዪኝ ነው?» አልኳት።

ስቃ አስረዳችኝ። ለትምህርቷ ስለ እንሰት የምትጽፈው ላቴክ በሚሉት የኮምፒውተር መጻፊያ ነው። ራሷ ያበጀችው ትእዛዝ አለ፤ መጀመሪያ የእንሰቱን ስም፣ ቀጥሎ አገሩን ይቀበላል። ስሙን ያላወቀችው እንሰት ላይ ስትደርስ አገሩን ብቻ ሰጠችው። እሱ ሆዬ አገሩን ስም አደረገና፣ በአገሩ ፈንታ ከፊቱ ያገኛትን ፊደል ዋጠ።

«ይሄማ ለምለም ናት!» አልኩ።

ለምለም ፎንቆ ከተማ ሳለን ጎረቤታችን የነበረች ነጋዴ ናት። እኔ ያኔ ለአዲሎው ላምቤቦ ታጭቻለሁ። ገበያ ስትሄድ ሁለት ጥቅል እናስይዛታለን፤ የመጀመሪያው ሆሳዕና ላለችው እህቴ፣ ሁለተኛው አዲሎ ላሉት አማቴ። ሁሌ እንዲያ ስለሆነ ማንም አይናገርም።

የመስቀል ሰሞን ለእህቴ የሚላክ ጠፋ። በኮባ የጠቀለልኩትን የአማቴን ቅቤ ብቻ ሰጠኋትና ወደ ጓዳ ገባሁ። ለምለምን የሚወስዳት መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ ጭቃው ጉድ ነው። ስወጣ ለምለም ሄዳለች፤ ወንዝ ላወርደው ጠቅልዬ በር ላይ ያስቀመጥኩት እድፍ ልብስም የለም። ሌባ ነው ብዬ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቀሚስ ቀሚሱን ሳይ ሰነበትኩ።

ከዚያ ላምቤቦ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«እናቴን ልብስ አጣቢሽ አደረግሻት? ዘመዶቼ እጮኛህን ተዋት እያሉኝ ነው።»

«ቅቤውስ?»

«የምን ቅቤ?»

ለምለም ላይ ዞርኩ። ፀጉሯ ደግሞ በቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል! ላምቤቦን ይዤ ሄጄ ተጠግቼ አናቷን አሸተትኩ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች።

ላምቤቦ ግን ከስር ከስሩ ጠየቃት።

«መጀመሪያ ምን ሰጠችሽ?»

«ቅቤ። ሆሳዕና አደረስኩ።»

«ከዚያስ?»

«በር ላይ ጥቅል ነበር፤ ሁለተኛው እሱ ነው ብዬ አዲሎ ወሰድኩ። ሁሌ ሁለት አይደል እንዴ?»

ላምቤቦ እየሳቀ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አማቴም ነገሩን ሲሰሙ ልብሱን አጥበው፣ የተቀደደውን ጠቅመው መለሱልኝ፤ እኔም ተዳርኩ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ለእህቴ የሚላክ ስታጣ አስቀድማ ባዶ ቅርጫት ለለምለም ትሰጣለች።

ምህረትም ይህን ስትሰማ በስሙ ቦታ ባዶ ቅንፍ አስቀመጠች፤ ፊደሏ ተመለሰች።

ቅቤው ግን አልተመለሰም። የአማቴን ጥቅል በቀይ ክር እንደማስር እህቴ አሳምራ ታውቃለች። እስከ ዛሬ ስጠይቃት «የኔ መስሎኝ» ትላለች፤ አፏን ጠርጋ።

ለመጪው መስቀል ባዶ ቅርጫት አዘጋጅቼላታለሁ።