የላላሞ ቀይ ቦሎቄ

ባለፈው ሳምንት መሃል ከተማ ቁርሴን በልቼ ስወጣ፣ አንዲት ወጣት መንገድ ዳር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ትመዘግብ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ጭረት፣ ሚኒባስ ሲያልፍ አንድ ጭረት። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

«አባባ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የሐኪም ቤቱና የማዘጋጃ ቤቱ መረጃ አንድ ላይ ሊሰበሰብ ነው። አደጋ የሚበዛበት ቦታ እንዲታወቅ።»

እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ መኪና አስቆጥሬ ነበርና አጠገቧ ቆምኩ።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማዋንም አዋሳ ነበር የምንላት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሠንጠረዥ ማውጣት የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ብዙ አልናገርም። አንድ ቁጥር ከተዛባብኝ ግን ምግብ አይዋጥልኝም።

ካርዶቹን ሳስተካክል፣ እግርና ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የመጡ መሆናቸውን አየሁ፤ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው የጋሪ ማቆሚያ። ትራፊክ ፖሊሶች አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ይጽፋሉ፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አያውቁም። እኛ ስብራቱን እናውቃለን፤ ሰዓቱን አናውቅም። ሁለቱ መዝገቦች ጎረቤት ሆነው ተገናኝተው አያውቁም። አንድ የትራፊክ አስር አለቃ በምሳ ሰዓት መዝገቡን እንድገለብጥ ፈቀደልኝ። «ስሜን እንዳትጽፍ» አለኝ። አልጻፍኩም።

የቀረኝ የሚያልፈው መኪና ብዛት ነበር። እሱን የሰጠኝ ላላሞ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚያደርሰኝ ጋሪ ነጂ። ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ማቆሚያው ላይ ሆኖ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ በቆሎ ለየሰዓቱ በለየው ጣሳ ውስጥ ይጥላል። የወታደር ካሚዮን ከሆነ ቀይ ቦሎቄ። ለይልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከባድ መኪና ቶሎ አይቆምም ብዬ። ማታ ጣሳዎቹን ሲያስረክበኝ በሳቅ ይፈርሳል።

«ዛሬ ዳማ ግማሹን መኪና በላብህ!» ዳማ ፈረሱ ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ መልሱ ወለል ብሎ ታየኝ። ከማቆሚያው በስተቀኝ ውሃ የሞላ ቦይ ስላለ ተሳፋሪው የሚወርደው በግራ፣ ወደ አስፋልቱ ነው። አመሻሹ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ አያይም። ማቆሚያው መንገዱን ተሻግሮ ቢዛወር ይበቃ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ከላላሞ ጋሪ የወረደች ሴት በጭነት መኪና ተመታች። ቀበሌው ላላሞን አሰረ፤ ዳማንም ግቢው ውስጥ ካለ ምሰሶ አሰሩት። እኔ በማግስቱ ሠንጠረዤን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀረብኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም። የቦታው ነው።»

ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹የወታደር መኪና›?»

«ያለፈው ብዛት ነው።»

«በየሰዓቱ?»

«አዎ፣ በየሰዓቱ።»

«ለማን ነው የምትቆጥረው፣ አንተ ውሻ?» በሩ ላይ የቆመውን አብዮት ጠባቂ ጠራው። ከዚያ የወረቀቱን ግርጌ አነበበ። እዚያ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ቆጣሪ፦ ጋሪ ነጂ ላላሞ» ብዬ ነበር። የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍለት ብዬ። እሱ አትጻፍ አላለኝማ።

«አየህ፣ ሁለት ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ ለጠባቂው። ጠባቂው በሰደፍ ጎኔን መታኝ።

እኔን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተሟግቶ በዘጠነኛው ቀን አስፈታኝ። ላላሞ የሚሟገትለት አልነበረውም፤ አምስት ወር ቆየ። ሣር የሚያቀርብለት ጠፍቶ ዳማ እዚያው ምሰሶ ሥር ሞተ። ጎረቤቶቼ ሰላምታ ነሱኝ፤ አስር አለቃው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ላላሞ ሲፈታ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግባ አላለኝም።

«ማን ላከህ?» አለኝ። «ዋስ አግኝቼ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ልወጣ ነበር።»

«አላወቅኩም። እውነቱን ላስረዳ ብዬ ነው።»

«መኪናህ ዳማን በላው» አለና ምራቁን እግሬ ሥር ተፋ። ከዚያ በኋላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ማቆሚያውም ሳይነሳ ዓመታት ቆየ፤ የተሰበሩትም መምጣታቸውን አልተዉም፤ እኔም ካርዳቸውን እያወጣሁ መልሼ አስቀምጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አልነገርኳትም። አንድ የወታደር መኪና አለፈ፤ ቀና ሳትል ጭረቷን አሰመረች። እኔ ግን ማን እያየን እንደሆነ ዘወር ብዬ ተመለከትኩ።

ስለ አመሻሿ ፀሐይና ስለ ሐይቁ መንገድ ብቻ አስረዳኋት። አሁንም ሾፌሩን ታሳውራለች፤ የቀየረችው ነገር የለም። ልጅቷ በጥሞና ጻፈችና እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«የነገረን ሰው ስም የሚል ቦታ አለው፣ አባባ። ባዶ ልተወው?»

«አትተዪው» አልኳት። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኳት፤ ፊደሉን እንዳትስት ጎንበስ ብዬ እያየሁ። ያን ጊዜም ከወረቀቱ ግርጌ መጻፍ የነበረበት የእኔ ስም ብቻ ነበር።