በዛወርቅና የኮርኒሱ ልጆች

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩን እያሞቀ ሳለ፣ የቦንጋ ስልክ የሚገናኘው በሰው እጅ ነበር። ያ እጅ የበዛወርቅ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ደፍታ ከተቀመጠች የማታውቀው ድምፅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅማ የሚደውለው ነጋዴ ገና «ሃሎ» ከማለቱ «ጋሽ ኑሪ፣ ጉንፋኑ አልተሻለዎትም?» ትለዋለች። ይህን የማይወድላትም ነበር፤ በተለይ ከሚስቱ ተደብቆ የሚደውል ባል። የሰማችውን ግን ለማንም ትንፍሽ አትልም። ይህችን ሐሜተኞቿም ይመሰክሩላታል።

ደንብ አክባሪ ናት። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ «ጊዜዎ አልቋል» ብላ መስመሩን ትነቅላለች። ደዋዩ ሹም ይሁን መርዶ ነጋሪ ግድ የላትም፤ አዳራሹ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ሰዉም «አድልዎ የማታውቅ ሴት» እያለ ያመሰግናታል። እሷም ምስጋናውን እንደ ጌጥ አንገቷ ላይ አሰረችው፤ ጌጥ ደግሞ አንዳንዴ ያንቃል።

ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ ያላት አንድ ልጇ ማርቲ ናት። ማርቲ አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ልብስ ስፌት እንድትማር አዲስ አበባ ወደ አባቷ እህት ተላከች። አክስቲቱ ምላሷ እሳት ነው። ልጅቷ በየእሁዱ እየደወለች ታለቅስ ጀመር።

«እማዬ፣ ነይና ውሰጂኝ» ትላለች።

በዛወርቅ ቀና ስትል የተሰለፈው ሰው ዓይን ዓይኗን ያያታል። ለሌላው የነቀለችውን ለልጇ ብትተው ምን ሊባል ነው? «በርቺ የኔ ልጅ፤ ሁሉም ያልፋል» ትላትና ጊዜው ሲሞላ ትነቅላለች። አንድ እሁድ ማርቲ ሳግ ይዟት መናገር ሳትችል ጊዜው አለቀባት። በዛወርቅ ያኔም ነቀለች። የሚቀጥለውንም ሰው አገናኘች።

ከዚያ ወዲህ ልቅሶው ቀረ። «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብቻ ሆነ። ጥሪውም ከእሁድ ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት በዓል እያፈገፈገ ሄዶ ጭራሹን ጠፋ። አውቶማቲክ ስልክ ቦንጋ ሲገባ በዛወርቅ ጡረታ ወጣች፤ ቤቷም ስልክ አስገባች። ቁጥሩን በነጋዴ እጅ ለማርቲ ላከችላት። «እጇ ላይ ሰጥቻታለሁ፤ ስፌት ቤት ተቀጥራለች፤ አምሮባታል» ብሎ ተመለሰ። ስልኩ ግን ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ዝም አለ። ሄጄ ልያት ብላ ሻንጣዋን ያወረደችበት ቀን ነበረ፤ በየትኛው ፊቴ ብላ መልሳ ሰቀለችው። ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ማርቲ እንድትደውል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ የሌሊት ወፎች ኮርኒሷን ሞሉት። ሽታው ቤት አላስቀምጥ ሲላት ከማንኪራ ጫካ ማር የሚያመጣላትን ንብ አናቢውን ዋለን አማከረች። ዋለ ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅልና ሲያወርድ የኖረ ነው፤ ክንፍ ያለው ሁሉ ንብ ይመስለዋል።

«ቀላል እኮ ነው እትዬ» አላት። «ሲመሽ ይወጣሉ። ባዶ ሲሆን ቀፎውን እንዘጋለን። ሌላ ቤት ይፈልጋሉ።»

እንዳለውም አመሻሽ ላይ መሰላል ወጥቶ፣ የመጨረሻዋ ብን ስትል ጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ በእንሰት ቅጠልና በጭቃ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። ምርቃቱን ተቀብሎ ሄደ።

በዛወርቅ ለእራት ስትቀመጥ ኮርኒሱ ጮኸ። ቀጭን የተቆራረጠ ጩኸት ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበለዋል። ዋለ ምን ያድርግ፣ የንብ ዕጭ እናቱን አይጣራም። የሌሊት ወፎቹ ግን ልጆቻቸውን ውስጥ ትተው ነበር ለአደን የወጡት። ወዲያው እናቶቹ ተመልሰው ግድግዳውን በክንፋቸው ይደበድቡት ጀመር።

ግቢዋ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየው የባዮሎጂ መምህሩ ኢሳያስ ሁካታውን ሰምቶ ሲወጣ፣ በዛወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሰላሉ ጫፍ ደርሳለች። ጭቃውን በዘነዘና ትንደዋለች።

«እትዬ፣ ይወድቃሉ፤ እኔ ልውጣ» አላት።

«አንተ መሰላሉን ያዝ» አለችው።

ቀዳዳው ሲከፈት እናቶቹ ፊቷን እየዳበሱ ገቡ። ጩኸቱ ከዚህም ከዚያም እየጎደለ ሄዶ ጸጥ አለ። በዛወርቅ መሰላሉ ላይ እንዳለች ቀረች።

«ያ ሁሉ ልጅ በጨለማ ተኮልኩሎ፣ እያንዳንዷ የራሷን በምን ለየችው?»

«በድምፁ ነው። የሁሉም ጩኸት ይለያያል። እሱ ይጣራል፣ እሷ ድምፁን ተከትላ ትሄዳለች፤ ጠጋ ስትል ደግሞ በጠረኑ ታረጋግጣለች።»

በዛወርቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «የሥራ ባልደረቦቼ ናቸዋ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሽታውን ቻለችው። ምሽት ምሽት ራዲዮኑን ዘግታ ኮርኒሱን ማዳመጥ ሆነ ሥራዋ። አልቃሻው፣ ቀበጡ፣ ነጭናጫው እያለች አንድ በአንድ ለየቻቸው። ሰው ቢሰማ አበደች ይላል፤ ቤቱ የሞላለት ሰው ምን ያውቃል። ብቸኝነት ከሌሊት ወፍም ጋር ያዛምዳል።

ነገር ግን ሳምንት ሳምንትን ሲተካ ድምፃቸው እየቀጠነና እያጠረ ሄደ። አንድ ምሽት የክንፍ መንኮሻኮሽ እንጂ ሌላ አልሰማ አላት። ሞተዋል ብላ ኢሳያስን ጠራችው። ግቢው ውስጥ ቆመው ሲያዩ ትልልቆቹን ተከትለው ትንንሾቹም ከቀዳዳው ተወርውረው ወጡ።

«አድገው ነው» አላት። «አሁንም እየጮሁ ነው፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ቀጥኖ ከሰው ጆሮ በላይ ሆነ እንጂ። ሲወለዱ የሚጮሁት እናታቸውን ለመጥራት ነበር። እያደር ግን በጩኸታቸው ማየት ይለምዳሉ። ድምፁ ከዛፉም ከትንኙም ነጥሮ ሲመለስ ይሰሙትና መንገዳቸውን ይለያሉ።»

«እናቲቱስ? አትመልስላቸውም?»

«ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም እትዬ። የሚመልስላቸው ግድግዳው ነው።»

ኢሳያስ ደስ የሚል ነገር የነገራት መስሎት ወደ ፈተና እርማቱ ተመለሰ። በዛወርቅ ግን እዚያው ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። እኔም ልጄን ለግድግዳ ሰጠኋት አለች በሆዷ። ከደወለች ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እስኪበቃት አዳምጣታለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

በመስቀል ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። ዳንቴሉን ገፍታ አነሳችው።

«ሃሎ፣ እንደምን ነሽ?» አለች አንዲት ሴት። ረጋ ያለች፣ ቃሏን የምትመጥን የከተማ ሴት ናት።

በዛወርቅ ጆሮዋን አቀናች። የጅማ ሰው አይደለችም፤ የቢታ ገነትም አይደለችም። ከምታውቀው ድምፅ ሁሉ ውስጥ ፈለገቻት፤ አጣቻት።

«ማን ልበል?» አለች።

በመስመሩ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ማርቲ ነኝ» አለች ሴትዮዋ።

በዛወርቅ ግድግዳውን ተደገፈች። «አውቄሻለሁ እኮ፤ ላሾፍብሽ ብዬ ነው» አለች ቶሎ ብላ። ማርቲ በጨዋ ደንብ ሳቀች። ደህና መሆኗን፣ የራሷን የስፌት መኪና ገዝታ መስፋት መጀመሯን ነገረቻት። ይቅርታው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሁን የዋሸ አፍ ግን እንዴት ብሎ ያወጣዋል።

«ለበዓሉ ትመጫለሽ?» አለቻት።

«እናያለን፣ እማዬ።»

በዛወርቅ ይቅርታዋን ዋጠችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እንኳ እንድታውቀው ይህን አዲስ ድምፅ ልታጠናው ፈለገች። ማርቲ ግን ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረችም።