አሥራ ሁለት ቁልፎች፣ አንዲት ዝናሽ

ይህ ያጋጠመኝ አምና በወላጆች ቀን፣ ወገዳ ውስጥ ኮምፒውተር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ስለ ፕሮግራም ላስረዳ በተነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ደስ ይለኛል፤ አፍርበታለሁም።

የኮምፒውተር ክበባችን አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት። ለዕለቱ አንድ ፕሮግራም ሠራን። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት የስም ቁልፎች በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲነካ የዚያ ተማሪ ፎቶና ሥራ ይወጣል። ሥራዎቹን ያዘጋጁት ልጆቹ ናቸው። ቁልፎቹን የሚደረድረውን ክፍል ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወላጆች ክፍሉን ሞሉት። የመልካሙን ቁልፍ ነካሁ። የዝናሽ ፎቶ ወጣ። የሰይድን ነካሁ። አሁንም ዝናሽ። አሥራ ሁለቱም ቁልፎች ዝናሽ!

«ኧረ ዝናሽ ሁላችንንም ዋጠችን!» አለ መልካሙ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

እኔ አልሳቅሁም። በዋዜማው ኮምፒውተሩን መጨረሻ ላይ የዘጋችው ዝናሽ ነበረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ምን ነካክተሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አልነካሁም ቲቸር!»

ርዕሰ መምህሩ ቀበል አድርገው «የነካካ ከክበቡ ይወጣል፤ ደንቡ ይታወቃል» አሉ። ዝናሽ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

ያን ጊዜ አባቷ አቶ ጓዴ ከኋላ ተነሡ።

«መምህር፣ እኔ ማሽን አላውቅም። ግን ልጄን ከማስወጣታችሁ በፊት ይስሙኝ። አንዱ የጽዋ ማኅበርተኛችን ለተረኛው ደጋሽ መርጃ ገብስ ላከ። መልእክተኛውን ‹ጽዋውን ለያዘው ሰው አድርስ› አለው እንጂ ስም አልነገረውም። መልእክተኛው መንገድ ላይ ሰነበተ። ማኅበሩ ተጠጣ፤ ጽዋው ወደ እኔ አለፈ። ገብሱ እኔ ቤት ገባ። ታዲያ ሌባው እኔ ነኝ?»

«ገብሱን መለስከው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ጠላ ሆኗላ!»

ሰው ሲስቅ እኔ ዘልዬ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። ገብቶኝ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጻፍኩት መመሪያ በስም ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ስሙን የሚይዘውን ዕቃ፣ ቫሪያብል የምንለውን፣ ግን ከዙሩ ውጭ፣ ለሁሉም አንድ ብቻ አድርጌ ፈጥሬው ነበር። እያንዳንዱ ቁልፍ ይዞ የቀረው ስሙን ሳይሆን ያንን የጋራ ቫሪያብል ነው። ቫሪያብሉ ‹ማንን ይዘሃል?› ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ ቁልፉ ሲነካ ነው። ያን ጊዜ ዙሩ አልቋል፤ ጽዋው በተራው መጨረሻ በዝናሽ እጅ ቀርቷል!

ቫሪያብሉን ወደ ዙሩ ውስጥ አስገባሁት። በየዙሩ አዲስ ስለሚፈጠር ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ጽዋ ሆነለት። የቀየርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው።

መልካሙን ነካሁ፤ መልካሙ ወጣ። ሰይድን ነካሁ፤ ሰይድ! ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቄ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝናሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። የመጨረሻውን ቁልፍ ራሷ መጥታ ነካችው።

ዘንድሮ እዚህ ትምህርት ላይ ስደርስ የጽዋውን ታሪክ ለአዲሶቹ ተማሪዎች የምትነግርልኝ ዝናሽ ናት። አሳምራ ታስረዳዋለች። መጨረሻ ላይ ግን ሁልጊዜ ድምፅዋን አወፍራ «ምን ነካክተሽ ነው?» ትላለች። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግንባሬን ግን አሁንም ያልበኛል።