በማሽላው ውስጥ የተቀበሩት የሬዲዮ ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት የልጄን የስልክ ቻርጀር ደበቅሁባት። ሰባተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ብላ ቆቦ መጥታ እኔ ዘንድ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ አፍጥጣ እዚያ መንገድ ተዘጋ፣ እዚህ ሰው ተፈናቀለ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ዝናብ ቀረ እያለች ታነብልኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነ ነገር አንብባ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ እጄ ሄዶ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለና ማሽላው ጎታ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ጎታው አጠገብ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ እሷ ራሷ በሆዴ ሳለች፣ ከእኔም የተደበቀ ነገር ነበር። የተደበቀውም እዚሁ ጎታ ውስጥ ነው።

እሷን ባረገዝሁበት ዓመት በሰሜን ጦርነት ተነሳ። የቆቦ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው በመንገዱ ነው። ዋናው መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ መጀመሪያ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ የሚሄዱት አውቶቡሶች ቀነሱ፣ ቀጥሎ ወታደር የጫኑ መኪኖች ያለማቋረጥ ወደ ሰሜን መትመም ያዙ። እኛ ሴቶቹ ቆሎና ውሃ ይዘን እንወጣለን። ልጆቹ ከመኪናው ላይ ሆነው በጣሳ ይቀበሉናል፣ ይመርቁናል፣ አንዳንዶቹም ይቀልዱብናል።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ወንድሜ ነበር። እናታችን ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አንድ ረፋድ ላይ የእነሱ መኪና ውሃ ሊቀዳ ቆመና ዘሎ ወርዶ መጣ። ስድስት ወር የሞላውን ሆዴን አይቶ፣ “እታለም፣ ይሄ ሆድ ነው ጎታ?” አለኝ። ሁለት ጊዜ አቀፈኝና መኪናው ሲነሳ ሮጦ ተንጠለጠለ። ከላይ ሆኖ፣ “ስም እንዳታወጡለት! ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ! ጠብቁኝ!” እያለ ጮኸ። ባልደረቦቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ እንባዬ ሊመጣ ሲል ሁልጊዜ የምናደድ ሴት ነኝና፣ “ሂድ ወዲያ፣ ቀባጣሪ!” ብዬ መለስሁለት። አቧራው ሸፈነው። ሄደ።

ያ ቃሌ ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ሲያንገበግበኝ እንደከረመ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ለዘማች ወንድሙ በሰላም ግባ ይላል፤ እኔ ቀባጣሪ አልሁት።

ወሬ እወዳለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርሁ የወረዳው ደብዳቤ ሁሉ በጣቴ ያልፋል፤ ቤት ደግሞ ሬዲዮናችን ጠረጴዛው ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ባሌ መምህር ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ የራያ ፀሐይ ሲያቀልጠው እኔ አዝኜለት ያገባሁት ሰው። ቀን በሰባት ሰዓት ለምሳ ስንገናኝ ዜና ሳንሰማ እንጀራ አንቆርስም ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ሬዲዮኑ ስለ ግንባር ይናገራል፣ ስለ ድል ይናገራል፣ ስለ ሺህ ሰው ይናገራል። እኔ የምፈልገው የአንድ ሰው ወሬ ነበር። ቢሆንም ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ፤ አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ የሆነ ነገር የደበቀኝ ይመስለኛል።

ወንድሜ በደጃችን አልፎ በሄደ በወሩ ገደማ ሬዲዮኑ ዝም አለ። “የባትሪ ድንጋዩ አልቋል” አለኝ ባሌ።

“በቀደም የገዛነው ድንጋይ?”

“የዛሬ ድንጋይ ምን ዕድሜ አለው ብለሽ ነው” አለና ጆሮውን አከከ። ባሌ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ውሸት አልተማረም፤ እስከ ዛሬም አልቻለበትም። እኔ ግን ያኔ ልብ ሳልለው ድንጋዮቹን አውጥቼ እንደማንኛውም ሰው ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሁለት ቀን የቆቦ ፀሐይ መታቸው፤ ትንፍሽ አላሉም። በሦስተኛው ቀን ለወፍጮ ማሽላ ልሰፍር ጎታው ውስጥ እጄን ስሰድ ጠጠር ያለ ነገር ነካሁ። በባሌ መሐረብ የተጠቀለሉ ሁለት ድንጋዮች። አዲሶቹ። ሬዲዮኑ ውስጥ የነበሩትን አውጥቶ በሞቱ ድንጋዮች ተክቷቸው ኖሯል።

እዚያው ቁጭ አልሁ። እጄ ማሽላው ውስጥ እንደገባ ወንድሜ መሞቱን አወቅሁ።

በእኛ ዘንድ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም እንዲሁ። ደንግጣ እንዳያስወርዳት፣ ወተቷም እንዳይደርቅ ተብሎ ሰፈር ምድሩ ይመክራል፣ እሷ ወልዳ፣ ክርስትናው አልፎ፣ ጉልበቷ እስኪመለስ ይደበቅላታል። ይህን ነገር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም እኔም ደብቄያለሁ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሮቢት የሚኖር አባቷ የሞተባት አንዲት እርጉዝ ጎረቤት ነበረችን። አምስት ወር ሙሉ ደበቅናት። እንዲያውም በአባቷ ስም ደብዳቤ የጻፍሁላት እኔ ነኝ። “ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ያዝ ያደርገኛል” ብዬ ጽፌ፣ እሷም አንብባ ለጉልበቱ ቅባት ልካለች። ስለዚህ ከግንባር ደብዳቤ ቢመጣልኝ እንኳ አላምንም ነበር።

ድንጋዮቹን ካገኘሁ በኋላ ሁሉም ነገር ይታየኝ ጀመር። መሥሪያ ቤት አለቃዬ አንዳንዱን ደብዳቤ በአቃፊ ሸፍኖ ለሌላዋ ታይፒስት ይሰጣል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ስለ ማሽላ ወፍና ስለ ችግኝ ብቻ ሆነ። ገበያ ስገባ ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አጥር የምትጋራኝ እስላም ጎረቤቴ፣ እቴቴ የምላት ትልቅ ሴት፣ በፍየሏ ምክንያት ከተኳረፍን መንፈቅ አልፎን ነበር፤ አንድ ጠዋት ከአፋሮች የገዛችውን የግመል ወተት በቅል ይዛ መጣች። “ቢስሚላህ በይና ጠጪ፣ የኔ ዓለም። ለወገብ ነው” አለችኝ። ፍየሏ ጎመኔን እንደበላች ነው፤ ይቅርታም አልጠየቀችኝ። ያ ወተት ለእኔ ከማንኛውም መርዶ በላይ ነበር። እቴቴ ሰው ካልሞተ በቀር ቀድማ አትታረቅም።

አልጠየቅሁም። መጠየቅ ፈራሁ፤ ይህን አልደብቅም። ደግሞ የሚደብቅ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ስለማውቅ አሳዘኑኝ። ባሌ ሌሊት የማይተኛ ሰው መስሎ ክፍል ገብቶ ያስተምራል። እነሱ ለእኔ ብለው ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኔም ለእነሱ ብዬ እንዳላወቀ ሰው ልሁን አልሁ። ድንጋዮቹን በመሐረቡ እንደተጠቀለሉ መልሼ ቀበርኋቸው። ማሽላው በጎደለ ቁጥር ወደ ታች እያወረድሁ፣ ባሌ እንዳይደነግጥብኝ እሸፍናቸው ነበር።

ማልቀሻ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽንኩርት መክተፍ አበዛሁ። ጠዋት ሽንኩርት፣ ከሰዓት ሽንኩርት፤ ወጡ ሁሉ ሽንኩርት ብቻ ሆነ። ሽንኩርት የማይወደው ባሌ አምሮቴ መስሎት ዝም ብሎ ይበላል፣ ሄዶም ተጨማሪ ገዝቶ ይመጣል። እኔ ሳለቅስ ልጅቱ በሆዴ ውስጥ ትራገጣለች። “ዝም በይ፣ እናትሽ አልሰማችም” እላታለሁ።

ሰው ፊት ደግሞ ድራማውን ሠራሁት። “ወንድሜ ሲመጣ ይህን በግ እናርድለታለን”፣ “ወንድሜ ሲመጣ ይህ ጫማ ይበቃው ይሆን?” እያልሁ እስቃለሁ። ሰዎቹ ይተያያሉ፤ እኔም በልቤ፣ አይዟችሁ አላወቅሁም እላለሁ።

ምጤ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። አዋላጇ ከጤና ጣቢያ እስክትደርስ ቤቱ በሴት ተሞላ፤ ግማሹ “ማርያም፣ ማርያም” ይላል፣ እቴቴ ወገቤን ይዛ “ያ ፋጡማ!” ትላለች። የትኛዋ ቀድማ እንደደረሰችልኝ አላውቅም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለድሁ። አፍንጫዋ የወንድሜ ነበር። ደስታና ሐዘን በአንድ ጊዜ ሲመጡብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስሁ፤ ያን ቀን ሽንኩርት አላስፈለገኝም።

በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሰጧት። የቤት ስሟ ማን ይሁን ሲባል፣ “አጎቷ ነው የሚያወጣው” አልሁ። እስኪነግሩኝ ድረስ ያ ድርሻ የእሱ ነው ብዬ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ባሌ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ልጅቱ ሚጡ እየተባለች ቀረች።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ታጠብሁ፣ ልጄን አጥብቼ አስተኛሁ፣ ጥለቱን የማዘቀዝቀውን ነጠላዬን አጠገቤ አድርጌ በሩ ሥር ተቀመጥሁ። አልመጡም። በሁለተኛውም ቀን ተቀመጥሁ፤ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ቱግ አልሁ። ሰው ስንት ጊዜ ለመርዶ ይታጠባል? ልጄን ታቅፌ በአጥሩ ቀዳዳ እቴቴ ግቢ ገባሁ። ማሽላ ታበጥራለች።

“መቼ ነው የምትነግሩኝ?” አልኋት።

“ምኑን፣ የኔ ዓለም?”

“የወንድሜን መርዶ! ሰማንያዬ አለፈ። ንገሩኝና ይውጣልኝ።”

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። “ያ ረቢ! ሞተ እንዴ? ማን ነገረሽ? መቼ?” ብላ እዚያው ማሽላው ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር።

“እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታውቁት?”

“እኛማ ከየት አውቀን! ወሬው ጠፋብንና ፈራን እንጂ። ሬዲዮኑን ዝጋባት ብዬ ባልሽን የመከርሁት እኔ ነኝ፤ ቀን በቀን እየሰማሽ ስትከሺ ሳይ አላስችል ቢለኝ። አለቃሽም ገበያተኛውም የጦርነት ወሬ እንዳያደርሱሽ አደራ ብለናቸው ነው። ወተቱንም ያመጣሁት ከስተሽ ነው። ኋላማ አንቺ ‘ወንድሜ ሲመጣ’ እያልሽ ስትስቂ፣ ስሙንም ለእሱ ስታቆዪ፣ ደብዳቤ ደርሷታል፣ ደህና ነው ማለት ነው ብለን ወላሂ ልባችን አረፈ። ባልሽም ያንቺን ሳቅ አይቶ ነው እንቅልፍ የተኛው።”

እነሱ የደበቁኝ ምንም ነገር አልነበረም። እኔ የእነሱን ደግነት አይቼ ወንድሜን ቀበርሁት፤ እነሱ የእኔን ሳቅ አይተው አዳኑት። እውነቱን ማናችንም አናውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ በተገባ፤ ግን ከሞቱ ይልቅ አለማወቁ ከበደኝ። አምስት ወር ያህል ያለቀስሁለትን ሰው እንደገና መጠበቅ ልጀምር ነው። እቴቴን አቅፌ፣ ሁለታችንም ስለማናውቀው ነገር አብረን አለቀስን።

ባሌ ለምሳ ሲመጣ ድንጋዮቹን ከጎታው አውጥቼ እፊቱ ሬዲዮኑ ውስጥ ከተትኋቸው። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። “መቼ አገኘሻቸው?” አለኝ።

“በደበቅህ በሦስተኛው ቀን።”

“ታዲያ ለምን…” አለና ሳይጨርስ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰባት ሰዓት፣ ሬዲዮኑ ስለ ሺህ ሰው ሲናገር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን አብረን እንሰማለን። የሽንኩርቱንም ነገር ነገርሁት። ስንት ኩንታል አብልተሽኛል እያለ እስከ ዛሬ ይከሰኛል።

ይህን ታሪክ ለልጄ ሳወራላት ቻርጀሯን የመለስሁላት እዚህ ላይ ደርሼ ነው። ተቀብላ ሰካችው። እኔ፣ “እሺ፣ ከዛሬ ወዲያ ስታነቢ ጮክ ብለሽ አንብቢ” ስላት፣ “ከጎታው የወጣ ማሽላ እኮ ውስጡ ገብቷል” ብላ አኮረፈችኝ።

ወንድሜ የመጣው ሚጡ ግድግዳ ይዛ መቆም ስትጀምር ነው። ከአላማጣ ከመጣ አውቶቡስ ወርዶ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢ ገባ። ስጮህ እቴቴ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ሌላው በበሩ ተግተልትሎ መጣ። ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። እሱ ግራ ገብቶት ቆመና ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

“ማን ሞቶ ነው?” አለ።

“አንተ ነሃ!” አልሁትና ደረቱን በሁለት እጄ ደበደብሁት።

ውሃ ጠጥቶ ሲረጋጋ ልጅቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥናት። “ስሟ ማነው?” አለ። ባሌ፣ “አንተን ስንጠብቅ ነው” አለው።

“እኔን?” ጭራሽ ረስቶታል! ከመኪናው ላይ ሆኖ ምን እንዳለ ስነግረው እንኳ ትንሽ ቆይቶ ነው የታወሰው። “እኔ እኮ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የቀለድሁት” አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አፉን ያያል። ልጅቱን አቅፎ፣ እያነከሰ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው በለስ ሥር ቆመና ስሟን ለጆሮዋ አንሾካሾከላት፤ ለእኛም ጮክ ብሎ ተናገረው።

እቴቴ እልልታውን አቀለጠችው። ባሌ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ ልጅቱን ተቀበለው። እኔም አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር፤ በሰላም ገባህ፣ ጌታዬ፣ ወንድሜ። እንባዬ ግን ቀደመኝ።

“ሂድ ወዲያ፣ ቀባጣሪ!” አልሁት።