ልጄ በስሟ ስጠራት አልዞረችም

ዛሬ መናኸሪያ ሄጄ ልጄን ሦስት ጊዜ ጠራኋት፤ አልዞረችም።

«አስካለ! አስካለ!» እያልኩ ስጮኽ ሻንጣዋን እያወረደች ነበር። አብራት ከሪያድ የተመለሰችው ጓደኛዋ «ዘሐራ፣ አባትሽ ናቸው መሰለኝ!» ስትላት ግን ወዲያው ዞረች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ስም ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ» አለችኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ።

እውነቷን ነው። አሠሪዎቿ እንዳይሰሙ ብዬ በስልክም ዘሐራ ነበር የምላት።

ስሙንም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። እናቷ በሞተች በዓመቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ የሚልካት ደላላ «በክርስትና ስም አይሆንም» ብሎ ሦስት ስም አቀረበልኝ፤ ገበያ ላይ በግ እንደሚያማርጥ ሰው አማረጥኩ። የአንገቷን ማተብም በገዛ እጄ በጠስኩት።

ቤት ስንገባ ያን ማተብ ከእናቷ ነጠላ ጫፍ ፈትቼ ላስርላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይኼን ሲበጥሱት እማዬ ብትኖር ዝም ትልዎት ነበር?»

በየቅዳሴው ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

ልጆቻችሁን በሌላ ስም የላካችሁ ወላጆች፣ ሲመለሱ ማን ብላችሁ ጠራችኋቸው? እባካችሁ ንገሩኝ። እሷ ጓዳ ናት፤ ለምሳ ልጠራት ብዬ አፌ አልፈታ አለኝ።