አልጋዬ ስር የደበቅሁት ብቅል

ትናንት መሃል ከተማ የገዛሁትን ብስኩት እየበላሁ የፓኬቱን ጀርባ ሳነብ፣ በትንንሽ ፊደል «የብቅል ስኳር» የሚል አየሁና ሳቄ መጣ። እኔና ብቅል የተዋወቅነው እኮ አልጋዬ ስር ደብቄው ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው መናኸሪያ ሰፈር ነው። የሦስት ዓመቱ ወንድሜ ናቲ በወባ ታሞ፣ ትኩሳቱ ቢለቀውም ምግብ እምቢ አለ። እናቴ ገንፎ ስትሠራለት ይወፍርበትና ይተፋዋል፤ ስታቀጥነው ደግሞ ውሃ ውሃ ይለዋል። የእግሮቹን መቅጠን ሳይ እኔንም ምሳ አልበላ ይለኝ ነበር። ይሄኔ እቴቴ የምንላት የአባቴ እህት ከገጠር መጣች። ገብስ ነክራ፣ በኮባ ጠቅልላ አበቀለችና ጓሮ አሰጣችው።

ሲደርቅ ሽታውን አወቅሁት፤ የጎረቤት ጠላ ሽታ! የኛ ቤት ደግሞ የጴንጤ ቤት ነው፤ ጠላ በደጃችን አያልፍም። ያን ቀን ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ለናቲ ሊጸልዩ ሰዎች ይመጣሉ። ይህን ካዩ ጸሎቱ የማይሰማ መሰለኝ። ብቅሉን በፌስታል ዝቄ አልጋዬ ስር ከተትኩት።

እቴቴ ጓሮውን እያሰሰች የጎረቤት ዶሮዎችን ስትረግም፣ ናቲ በረሃብ ሲነጫነጭ አላስቻለኝም። ፌስታሉን አምጥቼ የፈራሁትን ነገርኳት። ትመታኛለች ስል አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ከተተችና አኝኪው አለችኝ። አኘክሁት፤ ጣፈጠኝ።

«ሰከርሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ፈጭታው፣ ገንፎው ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ጨምራ አማሰለች። ማንኪያ የሚያቆመው ገንፎ ዓይኔ እያየ ላላ፣ እንደ እርጎ ፈሰሰ። ውሃ የለ፣ ስኳር የለ! እህል ሲበቅል እንደሚጣፍጥ፣ ገንፎንም እንደሚፈታ፣ እየፈላ ከጨመሩት ግን ኃይሉ እንደሚጠፋ ነገረችኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ አስማት አላየሁም።

የመጀመሪያዋን ማንኪያ እኔ አጎረስኩት። ዋጠ። እንዳይተፋው አፍ አፉን አየነው።

«ድገሚኝ» አለ።

ሊጸልዩ የመጡት ሲደርሱ ሳህኑ ባዶ ነበር። አንዲት እናት እንዲያውም አሠራሩን ጠይቀው ሄዱ።

ዛሬ ናቲ በቁመት በልጦኛል። እቴቴም ጥርሷ ስለሳሳ ብቅል ማኘክ ትታለች። ያ በኮባ ተጠቅልሎ ያደገው ጣፋጭ አሁን በፓኬት ታሽጎ ይመጣል፤ ማን እንዳበቀለው እንኳ አላውቅም። ትናንት ለናቲ አንድ ብስኩት ሰጠሁት። ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ አኘከ፣ ዋጠ፣ ከዚያ ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ።

«ድገሚኝ።»