ከኩሙድ በስተግራ የሚቀመጡት ሰው

የዴልሂ ጋዜጠኞች ስለ ኩሙድ ዳንስ ሲጽፉ ያቺን ወደ ግራ የምትጥላትን እይታ ሳያነሱ አያልፉም። እግሯ እንደ ዝናብ ሲወርድ ቆይቶ ቀጥ ሲል፣ አንገቷን ዞር አድርጋ ባዶውን መድረክ ታያለች። አንዱ «የዘመኑ ሰው ባዶነት» ብሎ ጻፈ። ወይ ጋዜጠኛ! እዚያ ጋ እኮ ሰው ነበር የሚቀመጠው። ታብላ የሚባለውን ጥንድ ከበሮ የሚመቱት ሪያሳት ቻቻ ነበሩ የሚቀመጡት፤ «ቻቻ» አጎቴ እንደ ማለት ነው።

ካታክ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ዳንስ እንዲህ ነው፤ ዳንሰኛዋ የእግሯን ምት አስቀድማ በአፏ ትደረድራለች፣ ታብላ መቺው ይቀበላታል፣ ከዚያ እየተሳደዱ እየተፈታተኑ ሄደው ሄደው የመጨረሻዋ ምት ላይ እኩል ይደርሳሉ። እኩል ሲደርሱ ይተያያሉ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ እግሩን የሚያቆስለው ለዚያች እይታ ነው ብል አላጋነንኩም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚመቱላት ቻቻ ነበሩ። ሆን ብለው ይዘገዩባትና «የት ትሮጫለሽ? ቤትሽ ተቃጠለ እንዴ?» እያሉ ያስቋታል።

ኩሙድ ግን ካታክ ብቻውን አልበቃትም። ባንጋሎር ሄዳ ዘመናዊውን ዳንስ ተማረች፤ ወለል ላይ መንከባለሉን፣ በጀርባ መተኛቱን፣ ዝም ማለቱን። ሁለቱን አንድ ላይ ላዋህዳቸው ስትል መምህሯ «ይቺ ልጅ ለይቶላታል» አሉ። ታብላቸውን ይዘው የተከተሏት ቻቻ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው ካንፑር ከተማ ላይ ነው። ኩሙድ የእግሯን ቃጭል ፈትታ መድረኩ ላይ ጋደም አለች፤ ረጅም ዝምታ ሆነ። ቻቻ እጃቸውን ታብላው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ፤ የተስማሙት እንደዚያ ነበር። ተመልካቹ ግን ይህን በምን ያውቃል?

«ሽማግሌው ጠፋባቸው!» አለ አንዱ።

«ኧረ ቀስቅሷቸው!» አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ኩሙድ ሰምታለች። ብድግ ብላ ወለሉን አንድ ጊዜ በእግሯ ብትመታው ሳቁን ለማስቆም ይበቃ ነበር። ዝምታዬ ይበላሽብኛል ብላ አልተነሳችም። በዚህ እኔም አልፈርድላትም።

ቻቻ ታብላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። ወሬው ስለተዳረሰ ሌላ መቺም እሺ አላላትም። ከዚያ ወዲያ የምትደንሰው በተቀዳ ሙዚቃ ሆነ። የተቀዳ ሙዚቃ አይቀልድም፣ አይጠብቅም። ስሟ ገነነ፣ ባሕር ማዶም ጠሯት። ሆቴሏ ስትገባ ግን «ዛሬስ እንዴት ነበር?» የሚላት የለም። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባል የለ? ብቸኝነቱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

በመጨረሻ ቻቻ የሚኖሩበት የሉክናው ከተማ አዳራሽ ሲጋብዛት አላስቻላትም፤ አሮጌው ሰፈር ገብታ የቻቻን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ቻቻ፣ ኩሙድ።»

«ኩሙድማ ሞታለች።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ግቢ፤ በር ላይ አትገተሪ።»

እግራቸውን ነክታ ተቀመጠች። «የካንፑሩን ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ይምቱልኝ ቻቻ፤ ባዶ ቦታ ማየት መረረኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ መዶሻ አንስተው የታብላውን ጠርዝ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ይቃኙ ጀመር። ኩሙድ እንባዋ መጣ።

«ታለቅሻለሽ ወይስ ትደንሻለሽ?» አሏት።

ብድግ ብላ ምቱን በአፏ ደረደረች፤ ተቀበሏት። እጃቸው ዛሬም ያው ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ዘግየት አሉባት፤ እሷ ግን ደርሳ ቆማለች። ደገሙት፤ አሁንም ቀድማቸው ደረሰች። ልጠብቃቸው ትላለች፣ እግሯ እንቢ ይላል።

ቻቻ እጃቸውን ከታብላው ላይ አነሱ። ተቆጥተው እንኳ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ ብቻሽን መድረስ ለምደሻል።»

«እንደገና ያስለምዱኛ!»

«እስከ ቅዳሜ? ደግሞ እንዲሳቅብኝ? አይሆንም። ያንን የተቀዳ ነገርሽን ይዘሽ ደንሺ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በተቀዳው ደነሰች። አንዲት ምት አልሳተችም። አዳራሹ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብላት ከኋላ ወንበር ቻቻን አየቻቸው፤ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከሰው ጋር ያጨበጭባሉ። መልበሻ ክፍል ብቅ ሳይሉ አይቀሩም ብላ ቃጭሏን ሳትፈታ ተቀመጠች። አበባ የያዙ መጡ፣ ፎቶ የሚነሱ መጡ፣ ተሳስቀው ሄዱ። ቻቻ አልመጡም። በመጨረሻ ጠባቂው ቁልፉን ይዞ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ልዘጋው ነበር። እኚያን ሽማግሌ ከሆነ የሚጠብቁት፣ ቅድም ነው በሪክሾ የሄዱት።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ቢሆንም ልጠብቃቸው።»